አንድ ግብ ሲቆጠርባቸው ለምን ይረበሻሉ?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። ልጆቼ በልምምድ ላይ ቅብብላቸው ያስደስታል፤ ደሴ ወጥተን ስንጋጠም ግን የመጀመሪያው ግብ ከተቆጠረብን በኋላ ቀላል ኳስ ማቀበል እንኳ ይሳናቸዋል። ስቆጣቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። ችግሩ የችሎታ ነው ወይስ የሥነ ልቦና?

መልስ፦ ውድ አሰልጣኝ፣ በልምምድ ያለ ችሎታ በግጥሚያ ቀን ከጠፋ በቅድሚያ መመርመር ያለበት የልጆቹ ትኩረት ነው። በብዙ ድግግሞሽ የተለመደን ቅብብል እግር ሳያስብበት ይሠራዋል፤ «አሁንም ብሳሳትስ?» የሚል ስጋት ሲገባ ግን ልጁ ጨዋታውን ትቶ የራሱን እግር መከታተል ይጀምራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮይ ባውማይስተር በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ጫና ሰውን በገዛ እንቅስቃሴው ላይ እንዲያተኩር በማድረግ የለመደውን ክህሎት እንደሚያበላሽበት አሳይቷል። «እግርህን አስተካክል!» የሚለው የእርስዎ ቁጣም ትኩረቱን ወደዚያው ወደ እግሩ ስለሚመልሰው ነው የሚብስበት።

በቡድን ስፖርት ይህ በአንድ ልጅ ላይ አያበቃም። የፈራው አማካይ ኳስ እንዳይደርሰው ከተጋጣሚው ጀርባ ይቆማል፤ ኳሱን የያዘው ተከላካይ የሚያቀብለው ሲያጣ በደፈናው ወደ ፊት ይለጋዋል፤ ኳሱ ይነጠቃል፤ ቀጥሎ የሚፈራው ተከላካዩ ይሆናል። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደሴ ሲሮጡ ትንፋሽ ማጠሩም ያለ ነገር ስለሆነ፣ ልጆቹ እንደ ፍርሃት ወይም እንደ ድክመት እንዳይቆጥሩት አስቀድመው ይንገሯቸው።

እኛ ወሎዬዎች የተደናገጠን ሰው የምናበረታበት «አብሽር» የሚል ቃል አለን። ቃሉ ልብ ያሳርፋል፤ ለተጫዋች ግን ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም፤ ወዲያው ሥራ ሊከተለው ይገባል። «አብሽር፣ ወደ ግራ ክፈት» የተባለ ልጅ ዓይኑን ከራሱ ላይ አንሥቶ ወደ ሜዳው ይመልሳል። ይህንንም ከእርስዎ ይልቅ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ቢናገረው እመርጣለሁ።

በልምምድ ጊዜም ጨዋታውን አንዳንዴ ከ1 ለ 0 ሽንፈት ያስጀምሩ፤ ተቀያሪዎቹ ከዳር ሆነው እንዲጮኹ ያድርጉ። ግብ በተቆጠረ ቁጥር አምበሉ ኳሱን አንሥቶ ወደ መሐል ይምጣ፤ ሁሉም አንድ ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ፤ የመጀመሪያው ቅብብል ለማን እንደሚሄድም አስቀድሞ ይታወቅ። በሚቀጥለው ግጥሚያ ደግሞ ግብ ከተቆጠረባችሁ በኋላ ባሉት 5 ደቂቃዎች ስንት ልጆች ኳስ እንደጠየቁ ይቁጠሩ፤ ለውጡን ከውጤቱ ቀድመው የሚያዩት እዚያ ነው።