ሙዚቃው ከመኖሪያው፣ ቲያትሩ ከአደባባዩ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ያነሣሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የት ብንኖር ነው ሙዚቃችንና ቲያትራችን የማይቋረጡት? የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚሻ ቦታ ለቀንለታል፤ ሌሎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እያመለከትኩ ነው። ቅጹ ሁለት ኮሌጅ እንድመርጥ ይጠይቀኛል። ማሲንቆ እመታለሁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሬአለሁ፣ ግቢ እያለሁም የቲያትር ክበብ አባል ነበርኩ። ስም ያለውን ልምረጥ ወይስ ሌላ መመዘኛ አለ? (አመልካች፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። እኛ ዘንድ ኮሌጅ ሲባል የሕክምና ኮሌጅ፣ የግብርና ኮሌጅ እንላለን፤ የትምህርት ዘርፍ ማለታችን ነው። ካምብሪጅ ላይ ግን ኮሌጅ የምታድሪበት፣ የምትመገቢበትና ጎረቤት የምታፈሪበት ቤት ነው። እንዲህ ያሉ 31 ቤቶች አሉ። በአንድ ደረጃ የሕግ ተማሪና የሒሳብ ተማሪ ሲወጡና ሲወርዱ ይተላለፋሉ፤ ትምህርታቸውን የሚሰጣቸው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ መጀመሪያ የሚቀበልሽ ወይም የሚመልስሽ የትምህርት ክፍሉ ስለሆነ፣ የኮሌጅ ምርጫሽ የመግባት ዕድልሽን አያሰፋም፣ አያጠብብም። የመረጥሻቸው ሁለቱ ቢሞሉ ሌላ ኮሌጅ ይፈለግልሻል። ቅጹ ላይ ምርጫውን ለዩኒቨርሲቲው መተውም ይቻላል፤ ማሲንቆ ይዘሽ እየሄድሽ ግን ባትተዪው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሙዚቃ የቤት ጉዳይ ነው፤ ቲያትር የከተማው ጉዳይ ነው። ለመለማመድ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ የሚዘጋ በርና የማይቆጣ ጎረቤት ያስፈልግሻል። እነዚህን የሚሰጥሽ ወይም የሚነፍግሽ የምትኖሪበት ኮሌጅ ነው። ቲያትር ለመሥራት ግን የትም ብትኖሪ ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። የተማሪው ቲያትር ማዕከል 228 መቀመጫ ያለው የኤ.ዲ.ሲ ቲያትር ቤት ነው፤ ለማንኛውም ኮሌጅ ተማሪ ክፍት ነው። እዚያ ቤት የሚሠራው የተማሪዎች የድራማ ክበብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው፤ አጼ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት መሆኑን የጎንደር አንባቢ ልብ ይለዋል። ትምህርት በሚሰጥባቸው ሳምንታት አንዱ ትርኢት አልቆ ተመልካቹ ሲወጣ የሌሊቱ ትርኢት ተመልካች በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። የተዋናይ ፈተና፣ የመብራት ሠራተኛ ፍለጋ፣ የአዘጋጅ ጥሪ ሁሉም የሚለጠፈው ካምድራም በሚባለው የጋራ ድረ ገጽ ላይ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ኮሌጆች የራሳቸው መድረክ እንዳላቸው ብትሰሚ (ዳውኒንግ ሃዋርድ ቲያትር አለው፣ ሮቢንሰን ሰፊ አዳራሽ አለው፣ ኩዊንስ ፊትዝፓትሪክ አዳራሽ አለው) ያ ብቻውን ምርጫሽን አይወስን። ኮርፐስ ፕሌይሩም የኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ ነው፤ ግን እዚያ የሚሠሩት ከየኮሌጁ የመጡ ናቸው። የቤትሽ መድረክ የሚጠቅምሽ ራስሽ ጽፈሽ ወይም አዘጋጅተሽ ለማሳየት ስታስቢ ነው። ያኔ ቀኑን ማን እንደሚያስይዝ፣ ለኮሌጁ ተማሪ ቅድሚያ ይሰጥ እንደሆነ፣ መብራቱን ለመንካት ሥልጠና ይጠየቅ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሌላም እንጨምር፤ ለመሪ ገጸ ባሕርይ የሚፈተን ሰው ሞልቷል፤ መድረክ የሚመራ፣ መብራት የሚሰቅልና ድምፅ የሚቆጣጠር ግን ሁሌም ይፈለጋል። የአንድ ዓመት ተማሪ ቶሎ ቤተኛ የሚሆነው በዚህ በር ሲገባ ነው።

ወደ መዝሙሩ ስንመጣ ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ሁሉም የሚያውቀው የኪንግስ ኮሌጅ መዘምራን ነው፤ ኮሌጁ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1441 ነው። ነገር ግን ዋናው የኪንግስ መዘምራን የወንድ ልጆችና የወንዶች ድምፅ ብቻ ነው። ሴት ተማሪ በዚያው ጸሎት ቤት መዘመር ከፈለገች ኪንግስ ቮይስስ የሚባል የወንድና የሴት ቡድን አለ፤ በተለምዶ ሰኞ ማታ ይዘምራል። የሴንት ጆንስ ኮሌጅ መዘምራን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሴቶችን ተቀብለዋል። ትሪኒቲና ክሌር የወንድና የሴት ድምፅ ያለበት ከፍተኛ ደረጃ መዘምራን አሏቸው። ኢቭንሶንግ የሚሉት የማታ ጸሎት ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ የጎንደር በአታን ማኅሌት ሌሊቱን በመቋሚያ ለቆመ ሰው ይህ ቁም ነገርም አይደል። የሚከብደው ሌላ ነው። የመዘምራን ፈተና ከድምፅ ውበት ይልቅ አይተሽው የማታውቂውን ዜማ ከወረቀት ላይ ወዲያው መዘመር መቻልሽን ያያል። የያሬድ ዜማ ምልክት የሚጻፈው ከፊደሉ በላይ ነው፤ የእነሱ ኖታ ባለ አምስት መስመር ነው። አንዱን ማወቅ ሌላውን አያስነብብም። ከመሄድሽ በፊት ያሉትን ወራት በየቀኑ 20 ደቂቃ ኖታ ለማንበብ ብትሰጪ ከማንኛውም ዝግጅት ይበልጥ ይከፍልሻል። ያ ካልተመቸ ደግሞ አትጨነቂ፤ ያለ ፈተና የሚቀበሉ የኮሌጅ መዘምራን አሉ፤ ትልቅ ስም ካላቸው ኮሌጆች ወጣ በይና ፈልጊ።

ለኮሌጆቹ ኢሜይል ስትጽፊ ጥያቄሽ አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን። ስንት የመለማመጃ ክፍል አላችሁ? ክፍሉን ለመያዝ መመዝገብ ያስፈልጋል ወይስ ቀድሞ የገባ ነው? እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀዳል? በመኝታ ክፍል መጫወት ይቻላል? የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የሚያድሩት በዋናው ግቢ ነው ወይስ ራቅ ባለ ቤት? በጣም የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። መለማመጃው በግቢው ውስጥ ሆኖ አንቺ ከግቢው ውጪ ካደርሽ፣ በኅዳር ብርድና ዝናብ ማሲንቆ ተሸክመሽ የምትወጪው ለሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ትተዪዋለሽ። ሰዓት ሲነግሩሽ በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን አትርሺ፤ አሥር ሰዓት ካሉሽ የእኛ ማታ አራት ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ብቻ ከሚቀበሉት ዳርዊንና ክሌር ሆል ይገኙበታል። ጥቅማቸው ጎረቤትሽ በዕድሜም በኑሮም እኩያሽ መሆኑ ነው፤ ጉድለታቸው የሙዚቃ ሕይወታቸው ከትልልቆቹና ከጥንታዊዎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀለል ማለቱ ነው። ጊርተን ከከተማው መሐል 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ካምብሪጅ ሜዳ ስለሆነ የጎንደርን ዳገት ለለመደ እግር ብስክሌቱ ቀላል ነው፤ ከሌሊት ትርኢት በኋላ ብቻሽን መመለሱን ግን አስቢበት። የእኛ ሐሳብ ይኸውልሽ፤ አንደኛ ምርጫሽን መለማመጃ ክፍሉና መኝታው በአንድ ግቢ ካሉበት ኮሌጅ አድርጊ፤ ሁለተኛውን ፈተና የማይጠይቅ መዘምራን ካለው። ለቲያትር ስትዪ ምርጫሽን አትቀይሪ።

ማሲንቆሽን በተመለከተ፤ ከመብረርሽ በፊት ጭራውን አላልተሽ ድልድዩን አውርጂው፤ ጭራው ተወጥሮ ከሄደ ድልድዩ ቆዳውን ይጫነዋል። እዚህ ክረምት ላይ ቆዳው ረግቦ እሳት ዳር እንደሚሞቀው ሁሉ እዚያም እርጥበት ያረግበዋል፤ ክፍልሽ ውስጥ ግን ችግሩ ተቃራኒው ነው። የማሞቂያው ብረት አጠገብ ከተውሽው ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ትርፍ የፈረስ ጭራና ሙጫ ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦክስፎርድ ገብቶ ድራማ መማር ይፈልጋል። የትኛው ኮሌጅ ይሻለዋል? (አባት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አባታችን፣ ከኮሌጁ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ኦክስፎርድ በመጀመሪያ ዲግሪ የድራማ ትምህርት አይሰጥም። እዚያ ቲያትር የሚሠሩት እንግሊዝኛ፣ ታሪክ ወይም ፊዚክስ የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው፤ ዋናው የተማሪዎች የድራማ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ አለ። ልጅዎ ድራማን እንደ ሙያ ሊማር ከፈለገ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይፈልግ፤ ሌላ ትምህርት እያጠና ቲያትር ሊሠራ ከፈለገ ግን ኦክስፎርድ ይመቸዋል። ኬብል ኮሌጅ ኦሪሊ የሚባል የራሱ ቲያትር አለው። ማመልከቻው የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ነው፤ በእኛ ጥቅምት መጀመሪያ መሆኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ትምህርት ከተጀመረ ገና ብዙም ሳይቆይ ማለት ነውና ሰነዱን በክረምት ያሰናዱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ክራር ይደረድራል። ሙዚቃና ድራማ ያለበትን ግቢና ዶርም መምረጥ ይችላል? (እህት፣ ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ ዶርም አይመረጥም፤ ይመደባል። ግቢውንም የሚወስነው በአብዛኛው የትምህርት ዘርፉ ነው፤ ሕክምና ከሆስፒታሉ ጎን ባለው ግቢ፣ ምህንድስና በፋሲል፣ ማኅበራዊ ሳይንስ በማራኪ። ስለዚህ ወንድምሽ ለክራሩ ሲል የትምህርት ዘርፍ አይቀይር። ሙዚቃውን ራሱን መማር የሚፈልግ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው፤ የቲያትር ጥበባት ትምህርትም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

ጎንደር ከገባ ግን ምርጫው በእጁ የሚሆነው ከዶርሙ ውጪ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክበባት ምዝገባ ሲለጥፉ የኪነ ጥበብ ክበቡን ይቀላቀል፤ ዘግይቶ የመጣ አባል የመድረክ ቦታ የሚያገኘው ብዙ ጠብቆ ነው። ድራማ የሚወድ ከሆነ የሚኒ ሚዲያውንም ይሞክር፤ ጽሑፍ ማንበብና ድምፅን መግራት እዚያ ይለመዳል። ኦርቶዶክሳዊ ከሆነ ደግሞ ሳምንት ሳይቋረጥ የሚለማመድ የመዝሙር ቡድን የሚያገኘው በግቢ ጉባኤው ነው፤ ከበሮ፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና በአንድ ላይ መስማትም እዚያ ይቻለዋል።

ዶርሙን በተመለከተ ጸብ የሚነሣው በሰዓት ነው። በተደራራቢ አልጋ ላይ ብዙ ሆነው በሚያድሩበት ክፍል አንዱ ለፈተና ሲያነብ አንዱ ይተኛል፤ ክራር በዚያ ክፍል ማታ አይነካም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ያለቀበት ባዶ ክፍል ወይም የሜዳው ዳር ይሻለዋል። የግድ ዶርም ውስጥ ጣት ማፍታታት ካስፈለገው ከብረት ክር ይልቅ የናይለን ክር ይጠቀም፤ ድልድዩ አጠገብ በክሮቹና በቆዳው መካከል አጣጥፎ ቀጭን ጨርቅ ቢያስገባ ድምፁ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጣቱ ግን ልምምዱን አያጣም። ማጉያ ያለው የኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ ከመምጣቱ በፊት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቅ። ሲገባ በር ላይ ለጥበቃዎቹ አሳይቶ ያስመዝግበው፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲወጣ የማን ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣል። አልጋ ሥር ሲያስቀምጠው ክሮቹን ጥቂት ያላላ፤ አለበለዚያ ክረምቱ ሲወጣና ቆዳው ሲደርቅ ውጥረቱ ድልድዩ ያረፈበትን ቦታ ያጎደጉደዋል።

ጥያቄ፦ ሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካሉት የመኖሪያ ኮሌጆች በአንዱ ልኑር ወይስ ቤት ልከራይ? ክራሬን ልውሰድ? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ትሪኒቲ፣ ኦርሞንድ፣ ኩዊንስና ኒውማን ከዩኒቨርሲቲው ጎን የተደረደሩ ናቸው። ማመልከቻቸውና ክፍያቸው ከዩኒቨርሲቲው የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቃለ መጠይቅም አለ። ክፍያው ምግብን ጨምሮ ከኪራይ ይወደዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ድጋፍ ገንዘብ ይጠይቁ፣ ለሙዚቃ የተለየ ድጋፍ ካላቸውም ጭምር። መዘመር ከወደዱ ትሪኒቲ የጸሎት ቤት መዘምራን አለው። ድራማና ሙዚቃዊ ተውኔት ኮሌጆቹ ራሳቸው በየዓመቱ ስለሚያዘጋጁ፣ ከካምብሪጅ በተለየ ሜልቦርን ላይ ለቲያትርም ቢሆን ኮሌጅ መኖር ዋጋ አለው። የትምህርት ዓመቱ የሚጀምረው በእኛ የካቲት ገደማ ነው።

ክራሩን ይውሰዱ፤ ግን አውስትራሊያ በቆዳና በእንጨት ላይ ጥብቅ ናት። ጠጉር የቀረበት ቆዳ ወይም ነቀዝ የበላው እንጨት ያለው ክራር ከሆነ አይሞክሩት። ቆዳው የተፋቀና የነጻ፣ እንጨቱም ደኅና የሆነውን መርጠው ከውስጥም ከውጭም ይጥረጉት፤ አቧራና አፈርም ችግር ያመጣል። ሲገቡ በመንገደኛ ካርዱ ላይ የእንስሳት ውጤትና እንጨት መያዝዎን ይጻፉ፤ ክራሩንም በእጅ ሻንጣ አካባቢ እንጂ ከሻንጣ ሥር አይቅበሩት፤ ሠራተኛው ማየት ይፈልጋልና። ሳይጻፍ የተገኘ ዕቃ ቅጣት ያስከትላል፤ የጻፉት ግን ይፈተሻል፣ ንጹሕ ከሆነም ሊመለስልዎት ይችላል።