ካሜራ ይዛችሁ ወደ ሕፃናት ለምትሄዱ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በፎቶግራፍ ሥራ ጨርሻለሁ። ካነሳኋቸው ሁሉ የሚቆጨኝ አንድ ፎቶ ነው። በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አንድ ልጅ ባዶ ሳህን ይዞ ቆሟል። ብርሃኑ አልስማማኝ ስላለ «እስቲ አንዴ ከፍ አድርገው» አልኩት። ምግብ የማቀርብለት መስሎት ፈጠን ብሎ አነሳው። ፎቶው ተወደደልኝ።

ይህን ያነሳሁት እናንተም በስልካችሁ እየቀረጻችሁ ዳቦ ስታድሉ ስለማይ ነው። የኦድሪ ሄፕበርንን ነገር አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1954 ኦስካር የተሸለመች፣ ዓለም ፊቷን የሚያውቃት ተዋናይት ናት። ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋን ያደረገችው በ1980 ዓ.ም. ወደ እኛው አገር ነበር፤ መቀሌ፣ 500 ያህል ሕፃናት ወደተጠለሉበት ማሳደጊያ። ያን ጊዜ 58 ዓመቷ ነው። ጡረታ ያምርባት ነበር።

ታዲያ እኔን የሚደንቀኝ መምጣቷ አይደለም፤ መምጣትማ ብዙ ሰው ይመጣል። ከዚህ ከሄደች በኋላ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ እየዞረች በቀን እስከ 15 ቃለ ምልልስ ትሰጥ ነበር። 15 ቃለ ምልልስ ማለት አንዱኑ ነገር 15 ጊዜ፣ ድምፅን ሳያሰለቹ መናገር ነው። ከባድ ሥራ ነው፣ ማንም አያጨበጭብበትም። ልጅ ሳለች በሆላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 የብርድ ወራት፣ በጦርነቱ ረሃብ ተጎድታ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በመጣው እርዳታም ተጠቅማለች። የእርዳታ እህል ጣዕሙን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ሶማሊያ ደርሳ ከተመለሰች በአራት ወር ግድም በ63 ዓመቷ አረፈች።

እናንተ በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ቤት አስቀምጡት። ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ ልጆቹን ተዋወቋቸው። ምን እንደጎደለ የምታውቀው ሞግዚቷ ናት፣ እሷን ጠይቁ፤ እናንተ ዳቦ ጭናችሁ ስትመጡ የጎደለው ሳሙና ሊሆን ይችላል። ፎቶ የግድ ካስፈለገ ፊቱን አታሳዩ። ልጁ ዛሬ ደስ ብሎት ቢስቅላችሁም፣ ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የክፍል ጓደኛው ያንን ፎቶ ያገኘዋል።

የእኔ ባለ ሳህን ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ፎቶው አሮጌ ሳጥን ውስጥ አለ። ጀርባው ላይ ቀኑንና የፊልሙን ዓይነት በጥንቃቄ ጽፌበታለሁ። ስሙን አልጻፍኩም፤ አልጠየቅሁትምና።