ስሞቹ ለምን በላቲን ወጡ? የፖስትስክሪፕት ጥያቄ ከፍኖተ ሰላም

ከፍኖተ ሰላም አንዲት አንባቢ ስለ ፖስትስክሪፕት፣ ገጽ ላይ ምን እንደሚታተም ለፕሪንተር ስለሚነግረው ቋንቋ፣ ጽፋልኛለች። «ጋሼ፣ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት የዓመት መጨረሻ ሰርተፍኬት ለመሥራት ራሴ በፖስትስክሪፕት ጻፍኩት። የዳር ጌጡ አምሮ ይወጣል። ስሞቹ ግን በማይነበብ የላቲን ምልክት ይወጣሉ። ሦስተኛው ልጅ ላይ ሲደርስ ደግሞ ፕሪንተሩ ይቆምና ‹ስታክአንደርፍሎው› ብሎ ይጽፋል፤ የቆመበት ትእዛዝ ‹ኤክስች› ነው ይላል። ተበላሽቶብኝ ይሆን እንዴ?» ትላለች። ፋይሉንም አያይዛለች።

እህቴ፣ ፕሪንተርሽ ደህና ነው። ለጥገና ብለሽ ብር እንዳታወጪ። ችግሮቹ ሁለት ናቸው፤ እርስ በርስም አይገናኙም።

ከፊደሉ ልጀምር። የወጣውን ወረቀት ጠጋ ብለሽ እይው። የላቲኖቹ ኤ እና ኢ ተጣብቀው የተጻፉበት አንድ ምልክት በየስሙ ላይ ይደጋገማል አይደል? የበሽታው ስም እሱ ነው። ስሞቹን ያስቀመጥሽው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው፣ ፊደልን ኮምፒውተር በሚያነባቸው ቁጥሮች (ባይቶች) በሚጽፈው ዘዴ ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ለሁሉም ፊደሎቻችን አንድ ዓይነት ነው። ጽሑፍ የሚያትመው የፖስትስክሪፕቱ «ሾው» የሚለው ትእዛዝ ግን በተራ ፎንት ሲሠራ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። ስለዚህ ያ ምልክት በየፊደሉ መጀመሪያ ብቅ ይላል። የጠራሽውን የአማርኛ ፎንትም ፕሪንተሩ አያውቀውም። ሲያጣው ዝም ብሎ ኩሪየርን ይተካል። ጽሑፉ የታይፕራይተር መልክ ያለው ለዚህ ነው።

ፖስትስክሪፕትን አዶቤ የተባለው ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ፊደላችን የዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ተራ የፖስትስክሪፕት ፎንት በአንድ ጊዜ 256 ቦታ ብቻ አለው። የኛ 33 በ7 ብቻ 231 ይሆናል። እነ ቋ፣ ጓ፣ ሟ፣ ቧ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል። ስለዚህ ስም ሲጻፍ «ፎንቱን ጥራ፣ ሾው በል» ብቻ ብሎ መገላገል አይቻልም።

ፎንቱን ታይፕ 42 ወደሚባለው የፖስትስክሪፕት የፎንት ዓይነት ለውጦ ፋይሉ ውስጥ መክተትና እያንዳንዱን ፊደል በስሙ እየጠሩ በ«ግሊፍሾው» ማሳተም ይቻላል። ይሠራል። ሰርተፍኬቱ ለዚህ ሳምንት ከሆነ ግን አልመክርሽም። ስሞቹን ኤክሴል ላይ አድርጊ፣ ስሞቹን ከሠንጠረዡ እያነሳ በየሰርተፍኬቱ በሚሞላው በሊብሬኦፊስ ሜይል መርጅ ሥሪ፣ ወደ ፒዲኤፍ አውጪ። ፎንቱ አብሮ ይገባል። ፒዲኤፉን ከፍተሽ የፎንት ዝርዝሩ ላይ ኒያላም ይሁን አቢሲኒካ፣ የተጠቀምሽው ፎንት መካተቱን አረጋግጪ። ፕሪንተርሽ ፖስትስክሪፕት ካልሆነ አልቀበልም ካለ፣ ጎስትስክሪፕት የሚባለው ፖስትስክሪፕትና ፒዲኤፍ የሚያነብ ፕሮግራም ፒዲኤፉን ይለውጥልሻል። ነጻ ነው፤ ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። በሜይል መርጅ ብትሠሪም ይህን ማወቅ ይጠቅምሻል፤ ነገ የዕድር ካርድ ላይ ቁጥር ስትደረድሪ ይመጣብሻልና።

ፖስትስክሪፕት እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። «120 400 ሙቭቱ» ማለት «ወደ 120፣ 400 ሂድ» ነው። ቁጥሮቹ መጀመሪያ ስታክ በሚባለው ጊዜያዊ ክምር ላይ ይቆለላሉ፤ ትእዛዙ መጥቶ ከላይ ያነሳቸዋል። በነገራችን ላይ የሚለካው ከወረቀቱ ታች ግራ ጥግ ነው፤ 72 ነጥብ አንድ ኢንች ነው።

ፋይልሽን አየሁት። በየልጁ መስመር ላይ ስሙንና ክፍሉን በቅንፍ አስቀምጠሽ የራስሽን ትእዛዝ ትጠሪያለሽ። ትእዛዝሽ በ«ኤክስች» ይጀምራል፤ ሁለቱን ያቀያይርና ስሙን መጀመሪያ ያትማል። ልክ ነው። ሦስተኛው ልጅ ግን ክፍሉ አልተሞላም፤ ስሙ ብቻ ነው ያለው። «ኤክስች» ሁለት ነገር ፈልጎ አንድ ብቻ አገኘ፤ ቆመ። «ስታክአንደርፍሎው» ማለት ይኸው ነው፤ ስታኩ ላይ የሚፈለገው ያህል ነገር የለም። መልእክቱ የሚነግርሽ የቆመበትን ቦታ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እየሄድሽ አንብቢ።

ማቆሙ እንኳን ጥሩ ነው። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። አንድ መስመር ላይ ሦስት ነገር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የልጁ ስም ስታክ ላይ ሳይነሳ ይቀር ነበር። ክፍሉ የተዘለለበት ቀጣይ ልጅ ሲመጣ «ኤክስች» ያንን ትርፍ ያገኛል፤ ምንም ስህተት ሳይል የሌላ ልጅ ስም ያትማል። ሰርተፍኬቱን ወላጅ ፊት የሚቀበለው ልጅ ነው፤ በዚህ አትቀልጂ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየልጁ መስመር መጨረሻ ላይ «ፒስታክ» ጨምሪና ፋይሉን መጀመሪያ በጎስትስክሪፕት ላይ አስኪጂው። ስታክ ላይ የተረፈ ነገር ካለ ስክሪኑ ላይ ያሳይሻል፤ ከሌለ ዝም ይላል።

ስሞቹ ውስጥ ቅንፍ ካለም ፈልጊ። መምህራን የቤት ስም በቅንፍ ይጽፋሉ። ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረ አንድ ቅንፍ ከሱ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይውጠዋል።

ይህን ሁሉ በተራ ወረቀት ሞክሪ እንጂ ብሪስቶሉን፣ ወፍራሙን ወረቀት፣ አትንኪ። እምቢ ካለሽ ስሞቹን ቀንሰሽ የሚያስቸግረውን አንድ ልጅ ብቻ አስቀሪ። እሱን ፋይል፣ ጎስትስክሪፕት የጻፈውን ስህተት ቃል በቃል፣ የፎንቱን ስምና የፕሪንተሩን ሞዴል ላኪልኝ። ፎቶ አንስተሽ አትላኪ፤ ኮፒ አድርገሽ ለጥፊው።