የአባባ የዱቤ ደብተርና የአንቺ ምርጫ

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከወደ ሆጤ፣ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጻፈችልኝ። ወንድ አያቷ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ ነበራቸው። አሁን ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። ሴት አያቷ ደግሞ ይረሳሉ። «የአንጎል ሐኪም ልሁን ብዬ ቆርጫለሁ፤ ግን ሜዲሲን ባይደርሰኝስ? ሕልሜ ገደል ገባ ማለት ነው? ደግሞስ እኔንም ይይዘኝ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ገደል የገባ ነገር የለም። ባዮሎጂ ጥሩ ያመጣ ሁሉ ሐኪም ልሁን ይላል፤ እሱ ብዙም አላስደነቀኝም። እኔን የያዘኝ መሀል ላይ እንደ ዋዛ የጣልሽው ነገር ነው። «አባባ የዱቤ ደብተር ላይ የሚጽፉት ፊደል ከዓመት ዓመት እያነሰ መጣ፣ ቡና ሲቆላም አይሸተኝም ማለት ከጀመሩ ቆዩ» ብለሻል። ይህን ማን አስተማረሽ? ፓርኪንሰን የሚባለውን የመንቀጥቀጥ በሽታ የጠረጠረ ሐኪም የሚጠይቀው እኮ ይህንኑ ነው። ሽታ መጥፋት፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መራገጥና መጮህ፣ እነዚህ መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ሊታዩ ይችላሉ። መንቀጥቀጡ ራሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምርና እጁ አርፎ ሲቀመጥ ይብሳል፣ ሲኒ ለማንሳት ሲዘረጋ ይቀንሳል። እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ሰውነት ይገታተራል።

ምክንያቱ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሴሎች መሞት ነው። ምልክቱ ገሃድ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። ለምን ይሞታሉ? ዕድሜ አንዱ ነው፣ ጥቂት ሰዎች ላይ የዘር ጉዳይ አለ፣ አንዳንድ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎችም ተጠርጣሪ ናቸው። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ግን ይሄ ነው ብሎ አንድ ነገር መጠቆም አይቻልም። ቡዳም እርግማንም አይደለም። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክልም፣ ኪኒኑን አታስቁሙ እንጂ።

እኔንም ይይዘኛል ወይ ላልሽው፣ ፓርኪንሰንም፣ የመርሳት በሽታው አልዛይመርም አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ በቀጥታ አይወረስም። ሀንቲንግተን የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ እሱ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አንቺ የጻፍሽው ግን እሱን አይመስልም፤ በማያስፈልግ ነገር እንቅልፍ አትጪ።

ሴት አያትሽ የ77ቱን ድርቅ እንደ ትናንት እያወሩ ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ ብለሻል። አልዛይመር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይጎዳል፣ የድሮው ታሪክ ይቆያል። አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች ተጠራቅመው ሴሎቹን ሲያውኩ ይታያል። ግን የሚረሳ ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ትንንሽ ስትሮክ ሁሉ ያስረሳል፣ አንዳንዱም ይታከማል። የገዛ አክስቴን አንድ ክሊኒክ ሁለት ዓመት ሙሉ «እርጅና ነው» እያለ መለሳት። በኋላ ሌላ ቦታ ደሟ ሲመረመር ታይሮይድ ሆኖ ተገኘ። እስካሁን ያናድደኛል።

ለአባባም ያው ነው። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶችም፣ ፓርኪንሰን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከትምህርት ምርጫሽ በፊት አንድ ሥራ አለብሽ፦ ቤት ያለውን የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለሽ አባባን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አሁን ወደ ሙያው። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 ይህን በሽታ ሲገልጽ በእጁ የነበሩት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከነሱም አንዳንዶቹን መንገድ ላይ ሲሄዱ ነው ያያቸው። ማሽን የለ፣ ራጅ የለ፣ ዓይን ብቻ። ያ ዓይን አንቺ ጋ አለ፤ ለዚህ ዘርፍ ትልቁ መነሻ እሱ ይመስለኛል።

ሜዲሲን ከደረሰሽ ግቢ። ግን ረጅም ነው፤ ስድስት ሰባት ዓመት ተምረሽ፣ ሠርተሽ፣ ከዚያ ደግሞ ለኒውሮሎጂ፣ ማለትም ለአንጎልና ለነርቭ ሕክምና፣ እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ ቦታ ተመልሰሽ ትገቢያለሽ። ኒውሮሎጂስት በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያለውም በብዛት አዲስ አበባ ነው።

ካልደረሰሽስ? ፊዚዮቴራፒን፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የሚታከምበትን ሙያ፣ አትናቂ። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው አንዳንዴ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት የተተከለ ይመስል ቆሞ ይቀራል። ወለሉ ላይ መስመር ስታሰምሪለት ወይም «አንድ፣ ሁለት» እያልሽ ስትቆጥሪለት ያ እግር ተነስቶ ይራመዳል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ትምህርቱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። ነርሲንግና ፋርማሲ ደግሞ እዚሁ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣሉ። የፓርኪንሰን ዋና መድኃኒት ሌቮዶፓ ሰዓቱ ሲዛነፍ ሰውየው ይገታተራል፣ ከሥጋና ከወተት ጋር ሲወሰድም አንዳንዱ ሰው ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ፋርማሲስት ስንት ቤተሰብ ያሳርፋል መሰለሽ።

አንድ ነገር ግን ልሸውድሽ አልፈልግም። እነዚህ በሽታዎች ምልክታቸው ይቀላል እንጂ እስካሁን አይድኑም። «ዳነልኝ» ብለሽ የምትሸኚው ሰው አይኖርሽም፤ ያው ሰው በየዓመቱ ትንሽ ደክሞ ይመጣል። ያንን የማይችል ሰው ቀዶ ጥገና ቢገባ ይሻለዋል፣ ነውርም የለውም። አንቺ ራስሽን ሞክሪ። ከፈተና በኋላ ለሁለት ሳምንት ጻፊ፦ ኪኒኑ ስንት ሰዓት ተዋጠ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ተራመዱ፣ አያትሽ ዛሬ ምን ረሱ፣ ምን አስታወሱ። በሁለተኛው ሳምንት ከሰለቸሽ እሱም መልስ ነው፤ ጻፊልኝና ሌላ እንፈልጋለን።

ካልሰለቸሽ ምርጫ ስትሞዪ ሜዲሲንን ከላይ፣ ፊዚዮቴራፒን ከሥሩ አድርጊ። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ደግሞ የዱቤ ደብተሩን እንዳትረሺ፣ የድሮውንም ያሁኑንም ገጽ ይመልከተው።