መስኮቱ አልወጣ፣ ኤረሩም ዜሮ

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን ነው። አንዲት አንባቢ ለአጎቷ የብርድ ልብስ መደብር የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ለዊንዶውስ እየሠራች ነው። ኮዱ ያለ ምንም ችግር ኮምፓይል ይሆናል። ስትከፍተው ግን ወፍ የለም። መስኮቱን የሚፈጥረው ክሪኤት ዊንዶው ኢኤክስ ነል (ባዶ) ይመልሳል፣ የመጨረሻውን ስህተት ቁጥር የሚነግረው ጌት ላስት ኤረር ደግሞ ዜሮ። «ስህተት ከሌለ ታዲያ ምን ነካው?» ትላለች።

እህቴ፣ ዜሮው ራሱ ፍንጭ ነው። የክላሱን (የመስኮቱን ዓይነት) ስም አሳስተሽ ቢሆን 1407 ይመጣልሽ ነበር። ብቻ ጌት ላስት ኤረርን ወዲያው ጥሪው። መሃል ላይ ሌላ ጥሪ ከገባ ቁጥሩን ሊያጠፋብሽ ይችላል።

ዜሮው እውነተኛ ከሆነ፣ እምቢ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን የራስሽ መልእክት ተቀባይ ፈንክሽን ሳይሆን አይቀርም። ክሪኤት ዊንዶው ኢኤክስ ገና ሳይመለስ ዊንዶውስ ወደ ፈንክሽንሽ መልእክት ይልካል። ደብሊውኤም ኤንሲ ክሪኤት የሚባለው «ልቀጥል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዜሮ ከመለስሽለት «ተወው» ብለሻል። እሱም ይተወዋል። ያዘዝሽውን ስለፈጸመ ኤረር ብሎ የሚመዘግበው ነገር የለም።

ጉዱ ደግሞ በኋላ በሚመጣው መልእክት፣ ደብሊውኤም ክሪኤት ላይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ዜሮ «ቀጥል» ነው፣ አቁም የሚባለው በ-1 ነው። ማን እንዲህ እንዳሰበው እንጃ፣ ስንቱን ሲያደክም ኖሯል!

ፈንክሽኑን ስላልላክሽልኝ እዚያው ሆነሽ አረጋግጪ። የመጀመሪያ መስመሩ ላይ የሚመጣውን የመልእክት ቁጥር አውጪ። ፕሪንትኤፍ አይሆንም፤ ፕሮግራምሽ ኮንሶል ከሌለው ጽሑፉ የትም አይታይም። በአውትፑት ዲበግ ስትሪንግ ላኪው፣ ፕሮግራሙን ከቪዥዋል ስቱዲዮ በዲበገር ስታስነሺው አውትፑት ላይ ታገኚዋለሽ።

36፣ 129፣ 130 ብሎ ከቆመ ነገሩ አለቀ። 36ን ተዪው፤ 129 ያ የደብሊውኤም ኤንሲ ክሪኤት ጥያቄ ነው፣ 130 መስኮቱ ሲፈርስ የሚመጣ ነው። ፈንክሽንሽ ውስጥ መልእክቶቹን የሚለየውን የስዊቹን መጨረሻ እዪ፤ ሪተርን 0 የሚል ታገኚያለሽ ብዬ እገምታለሁ። በሱ ፈንታ የዊንዶውስን የተለመደ መልስ የሚሰጠውን ዴፍ ዊንዶው ፕሮክን ጥሪና እሱ የመለሰውን መልሺ። መጥራት ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው ይጠራዋል፣ ከዚያ ዜሮ ይመልሳል።

ቁጥር 1 ከታየሽ ግን ጥያቄውን አልፎ ደብሊውኤም ክሪኤት ላይ ደርሷል። ያኔ እዚያ ውስጥ -1 የምትመልሺበት ቦታ ይኖራል፤ ለምሳሌ የዕቃው ፋይል አልከፈት ሲል።

ነሉ ጠፍቶ መስኮቱ አሁንም ካልታየ፣ መስኮቱን የሚያሳየውን ሾው ዊንዶውን መጥራትሽንና መልእክቶችን እየተቀበለ የሚያስተላልፈው የመልእክት ሉፕ መኖሩን ተመልከቺ።