የቆመ ሞተር ብስክሌት ለምታስነሡ ወጣቶች

ውድ ልጆች፣

በባሕር ዳር በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሰው ለዓመታት የቆሙ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ሞተር ብስክሌቶች ዛሬም አሉ። ዕድሜዬን በጋራዥ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከመካከላችሁ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የቆየውን ሞተር ሊያስነሣ ያሰበ ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው «ሲቆም ለምን ቆመ?» ብዬ ነው። ባለቤቱ ስላረፉ ወይም ነዳጅ ስለተወደደ የቆመ ሞተር ጽዳት ብቻ ሊበቃው ይችላል፤ ማርሹ ተሰብሮ ወይም ፒስተኑ ነክሶ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ፣ የቆመው ግን ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት እናታችሁን፣ ጎረቤቱን፣ የቀድሞውን መካኒክ ጠይቁ። ሊብሬው መኖሩንም በዚያው አረጋግጡ፤ ሰነድ የሌለው ሞተር ቢነሣም ከግቢ አይወጣም።

ከሁሉ የሚከፋው ጥድፊያ ነው። ወጣት ልጅ ሸራውን ገልጦ፣ አዲስ ቤንዚን ጨምሮ፣ ወዲያው መርገጫውን ይደበድባል። በጣና ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፤ ፕላስቲክ የለበሰ ሞተር ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይዝጋል፣ የፒስተኑ ቀለበትም ይጣበቃል። በዚህ ሁኔታ በኃይል የተረገጠ ሞተር ቀለበቱን ይሰብራል፣ ሲሊንደሩንም ይቧጥጣል። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፍቱ፣ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅላችሁ አፍስሱ፣ ሁለት ሦስት ቀን ተዉት፤ ከዚያ በመጨረሻው ማርሽ አስገብታችሁ የኋላውን ጎማ በእጃችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ ወዝውዙት። ሲላቀቅ እጃችሁ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ነዳጁ ነው። በሳልባትዮው፣ ማለትም በነዳጅ ዕቃው፣ ውስጥ የቆየው ቤንዚን ይተንና የሚጣበቅ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህ ዝቃጭ ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያሉትን፣ ከመርፌ ጫፍ እምብዛም የማይሰፋ ቀዳዳ ያላቸውን የነሐስ ብሎኖች ይደፍናቸዋል። ካርቡሬተሩን ፈትታችሁ እያንዳንዱን ብሎን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ፤ ቀዳዳው ክብ ሆኖ ብርሃን ካላሳለፈ አልጸዳም። ሽቦ አታስገቡበት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ይበላሻል። በቤንዚን ዘፍዝፋችሁ በንፋስ አስነፉት። የአየር ማጣሪያውንና የጭስ መውጫውን ማርሚታም መመልከት አትርሱ፤ አይጥ እዚያ ቤት መሥራት ትወዳለች።

ብልጭታው ብዙ ወሬ የለውም። ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ብልጭታ የሚያስነሣው ፑንቲና ያለው ከሆነ ጽዱና ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አዲስ ካንዴላ ደግሞ ውድ አይደለም።

እኔ የምፈራው ዘይቱን ነው። እነዚህ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ወደ ውስጥ ካልገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳሉ። ያማሃ አውቶሉብ ብሎ የሰየመው ፓምፕ ዘይቱን ከራሱ ዕቃ እየሳበ ይልካል፤ ነገር ግን ለዓመታት ሲቆም በቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፣ ፓምፑም ባዶውን ይዞራል። አየሩን በማስወጫ ብሎኑ አስወጡ፤ ዘይቱ አረፋ ሳይኖረው በቱቦው ውስጥ መሄዱን እስክታዩ ድረስ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ያህል የሁለት ምት ዘይት ቀላቅሉ። ብዙ ያጨሳል፤ ይጭስ።

ፍሬኑንና ጎማውን ሳታዩ አትውጡ። የጎማው ጥርስ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ላይ የታተመው አራት አኃዝ ዕድሜውን ይናገራል፤ ለምሳሌ 1508 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 ዓመት 15ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎኑ ከተሰነጠቀ ከነከመነዳሪው ቀይሩት።

የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ጢስ ዓባይ አታድርጉት፤ እስከ ዓባይ ድልድይ ሄዶ መመለስ ይበቃል። ስትመለሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላውን ፍቱና ቀለሙን እዩ። ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ጥቁር ከሆነ ሞተሩ አርጅቷል ብላችሁ ወዲያው አትደምድሙ፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑም ይበዛበታል። ነጭ ከሆነ ግን፣ በተለይ ሞተሩ ጋዝ ሳትሰጡት ራሱ የሚጮህ ከሆነ፣ የደረቀው የክራንክ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ዘይት መከላከያ ጎማ አየር እያስገባ ሊሆን ይችላልና እርሱ ሳይታይ ዳግም አታስነሡት።