ጉዳይዎ የፌዴራል ነው የክልል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ አባታችን ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የእርሻ መሬት ትተውልን አረፉ። በስማችን ለማዛወር ብንጠይቅ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት «ዛሬ ነገ» እያለ ስድስት ወር አመላለሰን። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባመለክት «ወደ ክልልህ ተመለስ» ተባልኩ። የመሬት ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሕጉን ያወጣል፤ መሬቱን ግን አያስተዳድርም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51(5) የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ ማውጣትን ለፌዴራል ይሰጣል፤ በአንቀጽ 52(2)(መ) ደግሞ በዚያው ሕግ መሠረት መሬት ማስተዳደርን ለክልል ይሰጣል። ብዙ ሰው ፌዴራል የክልል አለቃ ይመስለዋል፤ እንደ ቀድሞው ቤተ መንግሥት ደጅ ቢጠኑት ወረዳውን ጠርቶ የሚገሥጽ አድርጎ ያስበዋል። የፌዴራል ዝርዝር አንቀጽ 51 ላይ በ21 ንዑስ አንቀጾች ተቆጥሮ ተቀምጧል፦ መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ ማተም፣ ፓስፖርት፣ ሌላው ቀርቶ የመለኪያና የጊዜ ቀመር ጭምር። ለፌዴራል ለብቻው ወይም ለሁለቱም በጋራ ተለይቶ ያልተሰጠው የክልል ነው። የመለሱዎት ሰዎች ትክክል ናቸው፤ ቢያዝኑልዎትም ወረዳውን የሚያዙበት ሥልጣን የላቸውም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? እስካሁን የያዙት የቃል መልስ ብቻ ከሆነ፣ በእጅዎ ምንም የለም ማለት ነው፤ «ነገ ና» ይግባኝ አይባልበትም። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው፣ የሞት ማስረጃውን፣ ከፍርድ ቤት ያወጡትን የወራሽነት ማረጋገጫና የይዞታ ደብተሩን ኮፒ አያይዘው መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ። ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ያረፈበትን ሁለተኛውን ቅጂ ይዘው ይውጡ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ይህች ወረቀት ስለምትጠፋ ነው፤ ከእሷ ውጭ መጠየቅዎን የሚያስረዳልዎት የለም። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ክርክር ከሄደ መንገዱ በወረዳ ፍርድ ቤት፣ በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና በክልሉ ሰበር ችሎት ነው።

የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የመጨረሻ ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ያያል። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 በክልል ጉዳይ ላይ በሩ ጠቧል፤ ነገሩ ለሕዝብ ጥቅምና ለአገር ፋይዳ ያለው መሆን አለበት። «ድንበሩ ከግራሩ ወዲህ ነው ወዲያ» የሚለው ክርክር የሕግ ሳይሆን የፍሬ ነገር ስለሆነ እዚያ አይሰማም። ስለዚህ ማስረጃዎን ለላይ ችሎት አያስቀምጡ፤ ወረዳ ላይ ሳሉ ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በግሌ የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ዕቃ ከውጭ አስመጣለሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ልናቋቁም ነው። ግብሬን ለማን ነው የምከፍለው?

መልስ፦ ለሁለቱም፤ እንደ ግብሩ ዓይነት ይለያያል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚከፍሉት ጉምሩክ የፌዴራል ነው (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96)። የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብርና ከግል ድርጅት ሠራተኞች ደመወዝ የሚቀነሰው የክልል ነው (አንቀጽ 97)። ማኅበር ሲሆኑ ግን የድርጅቱ የትርፍ ግብር አንቀጽ 98 ውስጥ ይገባል፤ የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ስለሆነ አዲስ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፤ የድሮው የግል ንግድ ፈቃድ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ሱቁ አንድ ነው ብለው ቢያስቡም በግብር መዝገብ ሁለት ነጋዴ ሆነዋል፤ በግል ስምዎ ግብር በግምት እየተጣለ ቅጣትና ወለድ ይከመራል። በቅድሚያ የግል ሂሳብዎን ዘግተው ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያረጋግጥ ወረቀት) ይውሰዱ፤ ፈቃዱንም ይመልሱ። ማኅበር ሽያጩ ትንሽ ቢሆንም «ሀ» ምድብ ግብር ከፋይ ነው፤ የሂሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነም እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ ያወጣል?

መልስ፦ አያወጣም፤ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፤ የጋራ ገቢና የድጎማ ክፍፍልንም ይወስናል። የትርጉም አቤቱታ መጀመሪያ የሚቀርበው 11 አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለወንድሜ ከኤምባሲ ሙሉ ውክልና ልኬለት ድሬዳዋ ያለውን ቤቴን ሊሸጥ ቢል ከለከሉት። ኤምባሲ የሰጠው ወረቀት እንዴት አይሠራም?

መልስ፦ ወረቀቱ የወደቀው በይዘቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቃሉን አውጥተው ይዩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «በስሜ ማንኛውንም ሥራ እንዲሠራ» የሚል ሐረግ ስንት ጊዜ ቢደጋገም አስተዳደርን እንጂ ሽያጭን አይጨምርም። አዲሱ ውክልና ላይ የቤት ቁጥሩንና የካርታ ቁጥሩን ጠቅሰው «ለመሸጥ፣ ዋጋውን ለመቀበል፣ ስም ለማዛወር» ብለው ያስጽፉ። ስምዎ በፓስፖርቱና በካርታው ላይ በፊደል እንኳ እንዳይለይ ያስተያዩ።

ከዚያ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይህ ምዝገባ የፌዴራል ሥራ ነው፤ ቤቱ ክልል ውስጥ ቢሆን የክልሉ አካል ይሠራው ነበር። የስም ዝውውሩ ግን የድሬዳዋ አስተዳደር ነው፤ ስለዚህ ወንድምዎ ገዢ ከመፈለጉ በፊት እዚያ ሄዶ በቤቱ ላይ እዳ ወይም እግድ አለመኖሩን ያጣራ።